ባለ ቀይ ወረቀቱ ጊታር

ባለፉት ዓመታት በዚህ የዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ቤተ መጻሕፍታችንና ስለ አዳዲስ የመማሪያ ክፍሎች ስንጽፍ ቆይተናል። ዘንድሮ የምንጽፈው ስለ አንድ አሮጌ ጊታር ነው። አንዳንድ ወላጆች «ርእሰ መምህሩ የሚጽፉት ቢያጡ ነው» እንደሚሉ እንገምታለን። ሆኖም በዚህ የትምህርት ዘመን መምህራኑን እንደዚህ ጊታር ያከራከረ ጉዳይ አልነበረም። ጥፋቱም የአስተዳደሩ፣ ማለትም የእኛ ስለ ነበር፣ ተማሪዎቻችን ነገሩን ከእኛው ብዕር ቢያነቡት ይሻላል ብለናል።

ጊታሩ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣው በ2014 መጀመሪያ ላይ ነው (ዓመታቱን የምንጠቅሰው እዚህ ጁባ በምንሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በዲሴምበር 2013 በከተማዋ ውጊያ ተነሥቶ ብዙ የአገራችን ሰዎች ሱቅና ምግብ ቤታቸውን እየዘጉ ይወጡ ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ልጆቹ ሁሉ ጋሼ የሚሏቸው አንድ ወላጅ፣ ትኬታቸውን ይዘው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄዱ በበራችን አለፉ። ጊታሩን በአንሶላ ጠቅልለው ይዘውታል። በደርግ ዘመን በስደት ካርቱም ሳሉ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር በርካሽ የገዙት ነበር። የ2005ቱ ሰላም ከተፈረመ በኋላ ጁባ ሲመጡም አብሯቸው መጣ። «ልጆቹ ይማሩበት» አሉን። ከመኪናው ሊገቡ ሲሉ ዘወር ብለው «ስታስቀምጡት ግን ክሩን አላሉት፣ አደራ» አሉ። እኛም «እሺ ጋሼ» አልን። ጥይት በሚሰማበት ሰሞን ስለ ጊታር ክር ማን ልብ ይላል?

ከዚያ በኋላ ጊታሩ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ንብረት ሆነ። በወላጆች በዓል፣ በምረቃና በእንቁጣጣሽ ይወጣል፤ ሌላ ጊዜ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ልጆቹ ተቀባብለውበታል፣ ጥለውታል፣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ስማቸውን ጽፈውበታል። በጁላይ 2016 እንደገና ውጊያ ሲነሣ የቢሯችን በር ተሰብሮ አሮጌው ኮምፒውተርና ሁለት የጸሐይ ኃይል ባትሪ ተወሰደ። ጊታሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። የወሰዱት ሰዎች ዋጋ ያለውን ነገር መርጠው ነው የሄዱት፤ እኛም ያኔ በምርጫቸው እንስማማ ነበር።

በድምፅ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ያየ ሰው ከታች የተለጠፈች ቀይ ወረቀት ያገኛል። «ኒፖን ጋኪ»፣ «ሃማማትሱ»፣ «ጃፓን» የሚሉ ቃላት በላቲን ፊደል ታትመውባታል፤ ቁጥሩ ኤፍ ጂ 180 ነው። ከአንገቱ ጫፍ ደግሞ ያማሃ የሚለው ስም አለ። የጁባ ልጆች ያማሃን የሚያውቁት በነጭ ዓባይ ላይ ከሚሄዱት ጀልባዎች ሞተር ነው። «ቲቸር፣ ጊታሩን የሠራው የጀልባው ነው?» ብለው ሲጠይቁን ለብዙ ጊዜ «ስም መመሳሰል ነው» እያልን መልሰናል። ተሳስተናል። ሞተር ሠሪው ኩባንያ በ1955 ከሙዚቃ መሣሪያ ሠሪው የወጣ ነው። ለዚህም ነው የሞተሩ ምልክት ሳይቀር ሦስት የተሻገሩ የድምፅ መቃኛ ሹካዎች የሆነው። የድምፅ መቃኛ ሹካ በጀልባ ሞተር ላይ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ ተማሪ ቢኖር መልሱን ፈልገን ባገኘን ነበር።

ታሪኩን በኋላ ስናነብ ከሁሉ በላይ የገረመን ነገሩ የተጀመረው በትምህርት ቤት፣ ያውም በተበላሸ የትምህርት ቤት ንብረት መሆኑ ነው። በ1887 በሃማማትሱ ከተማ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአሜሪካ የመጣ ኦርጋን ተበላሸበት። ቶራኩሱ ያማሃ የሚባል የሰዓትና የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ተጠራ። ሰውየው ኦርጋኑን ፈትቶ ጠገነው፤ ሲፈታው ግን ውስጡን በወረቀት ላይ ነድፎ አስቀረ፤ ከዚያም ራሱ አንድ ሠራ። የሠራውን ኦርጋን ከጓደኛው ጋር በእንጨት ሸክም በትከሻቸው ተሸክመው፣ የሃኮኔን ተራራ አቋርጠው፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ቶኪዮ ወደሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ወሰዱት። እዚያ የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር፤ ቅርጹ ኦርጋን ነው፣ ቅኝቱ ግን ልክ አይደለም።

እኛ በማስተማር ከሠላሳ ዓመት በላይ ስላሳለፍን ይህ ቦታ ላይ ቆም ብለናል። በመምህራን ክፍል ከምናወራቸው ጉዳዮች ሁሉ የማይሰለቸን ኩረጃ ነው። ቶራኩሱ ያማሃ ያደረገው በእኛ ቋንቋ ኩረጃ ነው፤ ሣጥኑን በትክክል ኮረጀ፤ የማይኮረጀው ቅኝቱ ነበርና ያን አጣ። ኃላፊዎቹ ግን አላባረሩትም። ለአንድ ወር ያህል ከተማሪዎች ጋር ተቀምጦ የቅኝትን ትምህርት እንዲከታተል ፈቀዱለት። ተምሮ ተመለሰና ሁለተኛውን ኦርጋን ሠራ፤ እሱም ተቀባይነት አገኘ። በ1897 ኩባንያውን በኒፖን ጋኪ ስም አቋቋመ፤ «የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ» እንደ ማለት ነው። ኩባንያው በሙሉ ስሙ ያማሃ የተባለው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ1987 ነው። የእኛ ቀይ ወረቀት «ኒፖን ጋኪ» የሚለው ለዚህ ነው።

የእኛ አገር ሊቃውንት በዚያ ዘመን ጃፓንን እንደ ቀደመ ተማሪ ያዩዋት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ያዩትን በመጽሐፍ ጻፉ። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነው። በልጅነታችን ይህን መጽሐፍ ከአባቶቻችን መደርደሪያ አንሥተን ስናነብ ስለ መርከብና ስለ ፋብሪካ እንጂ ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኦርጋን አላሰብንም።

ወደ ጊታሩ እንመለስ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ የሕዝብ ዘፈን ማዕበል ጃፓን ደርሶ ወጣቱ ሁሉ የብረት ክር ያለው ጊታር ይፈልግ ነበር። ያማሃ በ1966 ኤፍ ጂ 180ንና ታናሽ ወንድሙን ኤፍ ጂ 150ን ያወጣው ያኔ ነው። የቁጥሩ ትርጉም ቀላል ነው፤ ዋጋው ነው፤ 180 ማለት 18,000 የን፣ 150 ማለት 15,000 የን። አንድ ዶላር ያኔ በቋሚነት 360 የን ነበር። የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ ሲያካፍሉት 50 ዶላር ወጣ። ይህ ለሠራተኛ ልጅና ለኮሌጅ ተማሪ ተብሎ የተሠራ ጊታር ነው፤ የሀብታም ዕቃ አልነበረም። በኦገስት 1969 በዉድስቶክ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ካንትሪ ጆ ማክዶናልድ ብቻውን የዘፈነው በኤፍ ጂ 150 ነበር።

ያማሃ ብቻውን አልነበረም። በጊፉ ክፍለ ሀገር በካኒ ከተማ የያይሪ ቤተሰብ ከ1935 ጀምሮ የእንጨት መሣሪያ ይሠራ ነበር፤ ልጅየው ካዙኦ ያይሪ ጊታሮቹን በእጅ ሥራ ስም ያተረፉ አደረጋቸው። እዚያው ጊፉ ውስጥ ታካሚኔ አለ፤ ስሙን የወሰደው ከአጠገቡ ካለው ተራራ ነው። ናጎያ ላይ ደግሞ በመጻሕፍት መሸጫነት የጀመረው ሆሺኖ ከስፔን ጊታር ያስመጣበት የነበረውን የአንድ ሠሪ ስም ወስዶ ኢባኔዝ ብሎ ራሱ መሸጥ ጀመረ። እነዚህ ሁሉ በ1970ዎቹ የአሜሪካኖቹን የማርቲንንና የጊብሰንን ቅርጽ አስመስለው ሠርተዋል። አስመስሎው የአንገቱን ጫፍና የጽሑፉን ዓይነት ሳይቀር ያካተተ ስለ ነበር በ1977 የጊብሰን ባለቤት የሆነው ኩባንያ የኢባኔዝን አሜሪካዊ አከፋፋይ ፊላደልፊያ ላይ ከሰሰ። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ዛሬ ግን አሮጌ የጃፓን ጊታር የሚሸጥ ሰው ሁሉ «ይህ የክሱ ዘመን ጊታር ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምርበታል። ክሱ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር አናት ቅርጽ እንጂ ስለ ሌላው ሁሉ አልነበረም። ሰው በኩረጃ ተከሶ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ክሱ ራሱ የክብር ምልክት ሲሆንለት ስናይ ለፈተና ክፍል ተቆጣጣሪዎቻችን ምን እንደምንል ግራ ይገባናል።

ዋጋቸው ለምን ጨመረ? ዋናው ምክንያት በሴፕቴምበር 1985 ኒው ዮርክ ፕላዛ ሆቴል ውስጥ የተፈረመ ስምምነት ነው። ትልልቆቹ አገሮች የዶላር ዋጋ እንዲወርድ ተስማሙና ከዚያ በፊት 240 የን አካባቢ የነበረው ዶላር በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ግማሹ ወረደ። ጃፓን ውስጥ በጃፓን እጅ የተሠራ ርካሽ ጊታር ከዚያ ወዲያ የማይታሰብ ሆነ፤ ርካሾቹ ኮሪያ፣ ቆይቶም ኢንዶኔዢያና ቻይና ሄዱ። ያማሃ ራሱ ከዚያ አስቀድሞ የኤፍ ጂን ሥራ በከፊል ወደ ታይዋን ወስዶት ነበር። ስለዚህ ሰዎች ቀይዋን ወረቀት የሚፈልጉት ጥሩ እጅ በርካሽ ዋጋ የተሠራበት ዘመን ምልክት ስለሆነች ነው። የቀረው ወሬ ይበዛበታል። ጊታሩ በብዛት የተመረተ ስለሆነ ብርቅ አይደለም። ደረቱም ወጥ እንጨት አይደለም፤ ስስ ጣውላዎች ተጣብቀው የተሠራ፣ በእኛ አነጋገር ኮምፔንሳቶ ነው። «እንጨቱ ሲያረጅ ድምፁ ይከፈታል» የሚሉት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። በጥሩ ሁኔታ ያለ ኤፍ ጂ 180 ዛሬ የሚያወጣው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ለሰብሳቢ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ለእኛ ትምህርት ቤት ግን ትንሽ አይደለም።

ይህን ሁሉ ያወቅነው በ2024 መጨረሻ ከአሜሪካ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ አንድ ወገናችን ትምህርት ቤቱን ሲጎበኝ ነው። ሚኒ ሚዲያ ክፍል ሲገባ ጊታሩን አየ፤ አስፈቅዶ አወረደው፤ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ ተመለከተና «ይህን ከየት አገኛችሁት?» አለን። እዚያው ቆሞ 400 ዶላር ሊሰጠን ተዘጋጀ። «ላስብበት» ለማለት እንኳ ጊዜ ወሰደብን።

በጁባ ውኃ የሚመጣው በቦቴ መኪና እንደሆነ ወላጆች ያውቃሉ። የትምህርት ቤቱ ትልቁ ሮቶ ተሰንጥቆ ከግማሽ በላይ አይዝም ነበር። የሒሳብ መምህራችን በአንድ ወረቀት ላይ የአዲስ ሮቶ ዋጋ፣ በሌላው ጊታሩ በዓመት የሚወጣባቸውን ቀናት ብዛት ጽፈው ስብሰባ ላይ አቀረቡ። ስድስት ቀን ነበር። የአማርኛ መምህራችን «የአደራ ዕቃ ይሸጣል እንዴ?» ብለው ተነሡ። የወላጅ መምህር ኅብረቱም ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው፤ ስለዚህ እኛ የአስተዳደር ሰው የሚያደርገውን አደረግን። ውሳኔው እስኪሰጥ ጊታሩ ይጠበቅ አልን። ከግድግዳው አውርደን፣ አቧራውን ጠርገን፣ በንብረት ክፍሉ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍንበት። ቁልፉንም ለማንም አልሰጠንም። ልጆቹ «ጊታሩስ?» ሲሉ «በጥበቃ ላይ ነው» እንላቸው ነበር። ከ2014 ጀምሮ እንደዚያ ወር ተከብሮ አያውቅም።

ክሩን አላላላንም።

በፌብሩዋሪ 2025 የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጁባ ውስጥ ተማሪዎች በሙቀት እየወደቁ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለሁለት ሳምንት እንዲዘጉ አዘዘ። ካለፈው ዓመት ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው፤ በማርች 2024ም እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ተዘግተን ነበር። ልጆቹን ወደ ቤት ላክን፤ መስኮቶቹን ዘጋን፤ ጊታሩ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በብረት ሣጥን ውስጥ፣ ክሩ እንደተወጠረ ቀረ። የስድስት የብረት ክሮች ውጥረት አንድ ላይ ሲደመር ከአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት አያንስም። ያን ሁሉ የሚሸከመው ደረቱ ላይ በሙጫ የተጣበቀ አንድ ትንሽ እንጨት ነው፤ ሙጫ ደግሞ በሙቀት ይለሰልሳል።

ትምህርት ሲከፈት ቁም ሣጥኑን ከፈትን። ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት፣ በክራር ብርኩማ የምንለው፣ ከኋላው ተነሥቶ ጣት ያስገባል። ደረቱም አብሮ አብጧል። የሙዚቃ ቃላት የሚያውቅ አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ብሪጁ እንደ ተነሣ ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ ብሪጅ ድልድይ ማለት ነውና በዕረፍት ሰዓት ወሬው «የጃፓኖች ድልድይ ፈረሰ» ሆኖ ዞረ። አንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ በ2022 በጃፓን እርዳታ በዓባይ ላይ የተመረቀው የነጻነት ድልድይ የፈረሰ መስሏት እያለቀሰች ቢሮ መጣች፤ አባቷ በየቀኑ በእሱ ላይ ነው የሚሻገረው። እሷን አረጋግተን ከላክን በኋላ በሩን ዘግተን ተቀመጥን።

ጋሼ ዛሬ አዲስ አበባ ናቸው። ሁለት ቀን ካመነታን በኋላ ደወልን። ጤንነታቸውን ጠየቅን፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅን፣ ስለ ዝናብ ሳይቀር ጠየቅን። በመጨረሻ ነገርናቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ክሩ ላልቶ ነበር?» አሉ። «አልላላም፣ ጋሼ።» «እንግዲህ» አሉና ወደ ሌላ ጨዋታ ገቡ። አልተቆጡም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ጠጋኙን ያገኘልን ዘበኛችን ነው። በሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ጊታር የሚመቱ፣ በሙያቸው አናጢ የሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ የጁባ ሰው አመጣልን። በጁባ ዓረብኛ እያወሩ፣ ዘበኛችን እያስተረጎመ፣ ወጣት ሳሉ በ1970ዎቹ እዚህ ከተማ ስካይላርክስና ሬጃፍ ጃዝ የሚባሉ ባንዶች እንደ ነበሩ፣ የኮንጎና የምሥራቅ አፍሪካ የጊታር አመታት በከተማዋ የምሽት ቤቶች እንዴት ይሰማ እንደ ነበር ነገሩን። እኛ ጁባ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረን ስለ ከተማዋ ጊታር አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም።

ሥራቸውን ቆመን አየን። ክሮቹን በሙሉ ፈቱ። ስስ ቢላ በከሰል እያሞቁ በቀስታ ከእንጨቱ ሥር እያስገቡ ሙሉ በሙሉ አላቀቁት። ከዚያ የቆየውን ሙጫ፣ ንጹሕ እንጨት እስኪታይ ድረስ፣ ከሁለቱም ወገን ፋቁ፤ ከሁሉ ረጅሙ ሥራ ይህ ነበር። የእኛ ሰው ቶሎ የሚደርቀውን ጠንካራ ማጣበቂያ ይዞ ቢመጣ በእጃቸው ገፍተው መለሱት። በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠግን ሰው ማላቀቅ እንዲችል ተራ የእንጨት ሙጫ ይበቃል አሉ። በድምፅ ቀዳዳው በኩል የሚገባ ክንደ ረጅም ሞርሳ ነበራቸው፤ ከአሮጌ ብረት ራሳቸው ያስበየዱት ነው። በእሱ አጥብቀው ሁለት ቀን ማንም እንዳይነካው አዘዙ። ደረቱን በጣታቸው እያንኳኩ የነገሩን ደግሞ ይህ ነው፤ ወጥ እንጨት ቢሆን ኖሮ በዚያ ሙቀትና ድርቀት መሐሉን ይሰነጠቅ ነበር። ያተረፈው ኮምፔንሳቶ መሆኑ ነው። ዋጋውን ዝቅ የሚያደርገው ነገር ነው ያዳነልን።

በሦስተኛው ቀን ክር ቀይረው ቃኙትና ለሙከራ አንድ ዜማ መቱ። የሚኒ ሚዲያ ልጆች በአንድ ድምፅ «ትዝታ!» አሉ። እሳቸው የመቱት የሱዳን ዜማ ነበር። አምስት ድምፅ ያለው የሱዳን ዘፈንና የእኛ ትዝታ ምን ያህል ቅርብ እንደሆኑ ለካርቱም ስደተኞቻችን አዲስ አይደለም፤ ለልጆቹ ግን አዲስ ነበር። የሙዚቃ ፍቅር ያላቸው መምህራችን አጋጣሚውን ተጠቅመው የጊታሩን የትውልድ አገርም ጨመሩበት። የጃፓን ትምህርት ቤቶች የቆዩ የልጆች መዝሙሮች ብዙዎቹ ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው ተነሥተው በቀሩት በአምስቱ የተሠሩ ናቸው፤ እነዚያ አምስቱ የትዝታችን ሜጀር ናቸው። ሚያኮ ቡሺ የሚባለው የጃፓኖች የቆየ ቅኝት ደግሞ ከአምባሰል ጋር ድምፅ በድምፅ ይገጥማል። መምህሩ ሁለቱንም ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ በጊታሩ አምባሰልን ሲመቱ፣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጠጋኙ ሽማግሌም ሞርሳቸውን በከረጢት ከተው ሳይሄዱ ቆዩ።

ከአሜሪካ የመጣው ወገናችን በኤፕሪል ደወለ። ስለ ጥገናው ምንም ሳንደብቅ ነገርነው። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ብሪጁ የተነቀለና የተጠገነ ጊታር እሱ ወዳለበት ሰብሳቢዎች ሲሄድ ዋጋው እንደሚወድቅ አስረድቶ 150 ዶላር ሰጠን። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲሰሙ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «በ150 ሮቶ አይገዛም» ብቻ ነው ያሉት። ስለዚህ ጊታሩ ያልተሸጠው በመርሕ ነው ብለን ልንኮራ አንችልም፤ ቀድሞ ዋጋውን የጣልነው እኛው ነን። ለሮቶው ወላጆች አዋጥታችኋል፤ በዚህ መጽሔት ሌላ ገጽ ላይ ስማችሁ ተመዝግቧል።

ቁም ሣጥኑ አሁን የፈተና ወረቀት ይቀመጥበታል። ጊታሩ ግድግዳው ላይ ተመልሷል፤ ከዓርብ እስከ ሰኞ ደግሞ ተራ የደረሰው ተማሪ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ለዚህ መዝገብ አውጥተናል። አራት ዓምድ አለው፤ ስም፣ የወሰደበት ቀን፣ የመለሰበት ቀን፣ ክሩ ላልቷል ወይስ አልላላም። ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ድረስ 11 ፊርማ ተፈርሟል። በስድስተኛው መስመር ላይ ያለው የርእሰ መምህሩ ነው፤ ምን እንደተመታበት ግን በመዝገቡ አይጠየቅም። ከእሱ ቀጥሎ የፈረመችው የ6ኛ ክፍል ተማሪ በአራተኛው ዓምድ ላይ «ላልቷል፤ እናቴም አይታለች» ብላ ጽፋለች።